ከባሕሩ እስከ ረግረጉ

ገመዱ ትከሻዋን ሲገዘግዛት አበናባ ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችውና ጎንበስ ብላ መጎተቷን ቀጠለች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይውጣትና መልሶ ይተፋታል። ከኋላዋ የቦዩን ውሃ እየሰነጠቀ የሚከተላት ጠፍጣፋ ጀልባ በባርነቱ ዘመን የጥጥ እስር ሲያመላልስ የኖረ ነው። ዛሬ የጫነው ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሣጥን፣ ባለሦስት እግር የነሐስ መመልከቻና ከጭራው ቆማ የምትገፋ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበር።

ሰውየው ሚስተር ሎደር ይባላል። በበርቢስ ወንዝ አፍ ካለችው ከኒው አምስተርዳም ከተማ የመጣ መሬት ቀያሽ ነው። አባቱ ሆላንዳዊ፣ እናቱ በዚያው ወንዝ ዳር የተወለደች ጥቁር ሴት ነበረች። ጠዋት ከጋሪው ወርዶ «በሉ መሬቱን አሳዩኝ» ሲል፣ ሌላ ሰው ሳይቀድማት ገመዱን ያነሣችው አበናባ ነበረች።

«ስሚ እንጂ» አለ ሎደር፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። «የሚለካው የባሕሩ ወገን ነው ተብዬ ነበር። ወደ ባሕሩ እየሄድን ቢሆን ነፋሱ ፊቴን ይመታኝ ነበር።»

ከጀልባው ጭራ ቆማ በረጅም እንጨት ጭቃውን እየገፋች የምታግዘው አሮጊቷ ሚምባ ነበረች መልስ የሰጠችው።

«ነፋስም እንደ ሰው ነው ጌታው። አንዳንድ ቀን አቅጣጫው ይጠፋበታል።»

ሎደር ዞር ብሎ አያት። ሚምባ ጥርስ በሌለው አፏ ፈገግ አለችለት። እሱም መከራከሩ ውሃ መውቀጥ እንደሆነ ገባውና ሣጥኑ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ነጻነት ከታወጀ ሦስተኛው ዓመት ነበር። ጥጥ አላዋጣ ያለው የላንግሁፕ ርስት ባለቤት ሁሉን ጥሎ ወደ አገሩ ሲሄድ፣ በዚያው ርስት ላይ በባርነት ያረጁ ስልሳ ሦስት ሰዎች አዋጥተው ገዙት። ያንን ቀን የሚረሳው አልነበረም። ወንድ ሴቱ ሲያለቅስ፣ ሲዘፍን፣ አፈር እያነሣ ሲስም ውሎ ነበር። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። የጋራውን መሬት እንዴት ይከፋፈሉት?

መሬቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ባሕሩ ያለው ፊተኛው ወገን ጥቁር አፈር ነው፤ ሙዙም ካሳቫውም ተተክሎ ሳያድር የሚበቅል ይመስላል። የመኪና መንገድ በማይታሰብበት በዚያ ዘመን ገበያ የሚወስደው የጋሪ መንገድም በዚያው በኩል ያልፋል። ወደ ኋላ እየተገባ ሲሄድ ግን አፈሩ ይሳሳል፣ ይጎመዝዛል፤ መጨረሻው ከረግረጉ ጋር የሚያጎራብት አሮጌ የአፈር ግድብ ነው። ኮሚቴው የወሰነው ግልጽ ነበር። ብዙ ያዋጣ ከፊት፣ ጥቂት ያዋጣ ከኋላ። ጥቂት ያዋጡት ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአረም ቡድን ውስጥ ጎንበስ ብለው የኖሩ አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። አበናባና ሚምባም ከእነሱ መካከል ናቸው።

ከሁሉ አብልጦ ያዋጣው ፎርታይን ነበር። በባርነቱ ዘመን ጅራፍ ይዞ ቡድኑን የሚነዳው አለቃ። ጅራፉ ከእጁ ከወጣ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ሰዉ እስከ ዛሬ «አለቃ ፎርታይን» ነው የሚለው። በመንገድ ሲመጣም ሳይታወቀው ዳር ይይዝለታል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቦዩ አለቀ። አበናባ ገመዱን ከጉቶ ላይ አሰረች።

«ይኸው ጌታዬ፣ መሬታችን ይህ ነው።»

ሎደር ወደ ግድቡ ወጣ። ከማዶ እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል፤ ነጫጭ ሳቢሳ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመውበታል። ከወዲህ ደግሞ ከውሃው ልክ ዝቅ ብሎ የተኛው መሬት ነው። በመካከላቸው ያለው ይህ ክምር አፈር ብቻ። ሎደር የመለኪያ ዘንጉን አንሥቶ ግድቡን ወጋው። ዘንጉ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላዋ እስከ እጀታው ሰመጠ።

ዘንጉን መዞ ጭቃውን ጠረገ። ከዚያ፣ «ይህን ማን ነው የሚጠብቀው?» ሲል ጠየቀ።

«ሦስት ዓመት ማንም አልነካውም» አለች አበናባ። «ከነገ ጀምሮ ግን በእርስዎ ካርታ መሠረት እኛ ነን። ግድብ የሚጠብቀው መሬቱ የነካው ሰው ነው አይደል?»

«ልማዱ እንደዚያ ነው። ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«ሦስት መቶ ዘንግ ግድብ ለአሥራ አንድ ሴት?»

«መቁጠሩንስ እኛም አላጣነውም» አለች ሚምባ፣ ወገቧን ይዛ ከጀልባው እየወረደች። «አካፋ የሚያነሣልን ነው ያጣነው።»

«ዝናቡ ሊገባ ስምንት ሳምንት ቀርቶታል» አለ ሎደር ለራሱ እንደሚናገር።

አበናባ ሌሊቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ያደረችውን ነገር የምትናገርበት ሰዓት ይህ እንደሆነ አወቀች። ማንበብ አትችልም። ካርታ አይታ የምታውቀውም ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ በሰው ትከሻ ላይ አጮልቃ ነው። ግን መስመሩን አይታዋለች። በእግሯ ጣት እርጥቡ አፈር ላይ አራት ማዕዘን ሣለች።

«ይህ ባሕሩ ነው። ይህ ረግረጉ። እርስዎ የሚያሰምሩት እንዲህ ነው።» ከግራ ወደ ቀኝ ሰነጠቀችው። «የፊት መደብ፣ የመሃል መደብ፣ የኋላ መደብ። እስቲ እንዲህ ቢሆንስ?» አሁን ከባሕሩ ጀምራ እስከ ረግረጉ ድረስ ወደ ታች ሰነጠቀችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

ሎደር ተንበርክኮ አየው።

«ቀጭንና ረጅም ይሆናል። እንደ መቀነት።»

«ይሁን።»

«ብዙ ያዋጡት እሺ አይሉም። ከእናንተ እኩል እንዴት እንሆናለን ይላሉ።»

«እኩል ይሁን አላልኩም። ብዙ ያዋጣ ሰፊ መቀነት ይውሰድ፤ እኔ ጠባቧ ትበቃኛለች። ብቻ የእኔም ጠባቧ ጥቁሩን አፈር ትንካ፣ የእነሱም ሰፊዋ ይህን ረግረግ ትንካ። ከዚያ…» ጣቷን መስመሮቹ የሚያልቁበት ቦታ ላይ አኖረች። «ከዚያ መሬቱ የሰፋለት ሰው ግድቡም ይሰፋበታል። አራት ዘንግ የወሰደ አራት ዘንግ ይጠብቃል፤ አሥራ ሁለት የወሰደ አሥራ ሁለት። ማንም ማንንም መለመን አይኖርበትም።»

ሎደር ባርኔጣውን አወለቀ። አራት ማዕዘኑን አየ፣ ግድቡን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ሠላሳ ዓመት ስቆፍር የኖርኩት ይህን ግድብ ነው።»

መልስ ሳይሰጣት በግድቡ ላይ የሚመጣ የእግር ኮቴ ተሰማ። ቁመቱ እንደ ዘንባባ የተለጠጠ፣ ጠጉሩ የነጣ ሽማግሌ የእሁድ ሰደርያውን ለብሶ፣ ምርኩዙን እየወረወረ ይገሰግሳል። ፎርታይን ነበር።

«ሚስተር ሎደር! ከፊት ግድብ ላይ ስንጠብቅዎ ረፈደ እኮ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «እናንተ፣ ቀያሹን ወደዚህ አምጡት ያላችሁ ማነው?»

«መሬት ሊያይ መጣ፣ መሬት አሳየነው» አለች ሚምባ። «ይህስ መሬት አይደለም እንዴ? ሰማይ መሰላችሁ?»

«አንቺን አልጠየቅሁም። አበናባ፣ ነገሩን የጠነሰስሽው አንቺ ነሽ። ጀልባውን አዙሪ!»

ድምፁ የጥንቱ ድምፅ ነበር። የአበናባ ጉልበት ሳያስፈቅዳት ወደ ገመዱ አንድ እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመች።

«አየህ ፎርታይን» አለች።

«አየህ» ማለቷን የሰማችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው አንድ ቀን «አንተ» ብላው አታውቅም። ሚምባ እንኳ አፏን ይዛ ቀረች። ፎርታይን ግን አልተቆጣም፤ በጥፊ የተመታ ይመስል ብቻ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ።

«አንተ ትቆም የነበረው እዚህ ነው፣ አሁን የቆምክበት ቦታ» አለች አበናባ። በጣቷ ወደ ታች አመለከተች። «እኛ ደግሞ እዚያ ታች፣ ውሃው ውስጥ።»

«እኔ ባልመታ ሌላ ሰው ይመታችሁ ነበር። እኔንም ጨምሮ። ጀርባዬን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ። እሱን ልጠይቅህ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ? ያዋጣሁት የላቤን ነው። አሳማ አርብቼ፣ ሙዝ ሸጬ ነው።»

«ያ የሙዝ ማሳህ» አለች ሚምባ በቀስታ፣ «እሁድ እሁድ የሚያርመው ማን ነበር?»

ፎርታይን ምርኩዙን ጭቃው ላይ ተከለ።

«እኔ ነበርኩ» አለች ሚምባ። «እኔና የዚህች እናት። ዋጋው ሰኞ ጠዋት ጅራፉ ትንሽ እንዲለሰልስልን ነበር።»

ሳቢሳዎቹ ከረግረጉ ተነሥተው ሄዱ። ሎደር እዚያ የሌለ ሰው መስሎ መሣሪያውን በጨርቅ ይወለውላል።

«እኔ የምጠይቅህ ስለ ነገ ነው» አለች አበናባ። «ድሮ ጌታው ከፊት ነበር፣ እኛ ከኋላ። ጌታው ሄደ። ነገ እዚያ ውሃ ውስጥ የሚቆመው ማነው? ግድቡ አንድ ቀን ሲናድ ውሃው ‹ይህ የብዙ ያዋጣ ሰው ማሳ ነው› ብሎ የሚመለስ ይመስልሃል?»

ፎርታይን እግሩ ሥር ያለውን አፈር አየ። ወደ ሎደር ዞሮ፣ «ስብሰባው ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ነው፤ ይመለሱ» አለው። እሱ ግን ወደ ጀልባው አልገባም። ጀልባው ርቆ ከሄደ በኋላ አበናባ ዞር ብላ ስታይ፣ ያ ረጅም ሰው አሁንም ግድቡ ላይ ቆሞ በምርኩዙ አፈሩን ይወጋል።

ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ሚምባ ጎንበስ ብላ፣ «የማክሬዲን ነገር ትነግሪያቸዋለሽ?» አለቻት።

«ግድ ካሉኝ።»

ማክሬዲ የጎረቤቱ የአርድሞር ሸንኮራ ርስት ሥራ አስኪያጅ ነው። ከትናንት በስቲያ በፈረስ መጥቶ በሴቶቹ ጎጆ ደጃፍ ቆሞ ነበር። እንዲህ እንደ ማር ሲናገር ሰምተውት አያውቁም።

ስብሰባው በአሮጌው ጥጥ መዳመጫ ቤት ውስጥ ተደረገ። በጣሪያው መዋቅር ላይ የጥጥ ብናኝ እስከ ዛሬ እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። ስልሳ ሦስቱም ከነቤተሰባቸው ሞልተውታል፤ ላቡ፣ የልጆቹ ለቅሶ፣ ሰው በእጁ ይዞት የመጣው የጨው ዓሣ ሽታ አንድ ላይ ተደበላልቆ ያፍናል። አናጢውና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ኩፒዶ ጸሎት አድርሶ ስብሰባውን ከፈተ።

«አለቃ ፎርታይን የታለ?» አለ ዙሪያውን እያየ።

የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ የተናገረው በርሜል ሠሪው ኳኮ ነው። ደረቱ ራሱ በርሜል የሚያህል፣ ሲናገር እጁን የሚያጨበጭብ ሰው ነበር።

«ወገኖቼ፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው! ብዙ ጣውላ ያመጣ ትልቅ በርሜል ይወስዳል፤ ጥቂት ያመጣ ትንሽ በርሜል። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ ከየት ይመጣል?»

«ትክክል!» የሚሉ ድምፆች ከፊት ተሰሙ። አበናባ ተነሣች። የሚምባን ትከሻ ያዘች።

«በርሜልህ ቂጡ ላይ ቀዳዳ ካለውስ ኳኮ? ትልቅነቱ ምን ይጠቅምሃል?»

አንዳንዶች ሳቁ። አበናባ ከምድጃው ከሰል አነሣችና ቀን በጭቃው ላይ ያሳየችውን አሁን በጣውላው ወለል ላይ ሣለችው። ሰው እየተጋፋ ከበባት። ሰፊው መቀነት፣ ጠባቡ መቀነት፣ ሁሉም የሚያልቁበት ግድብ። ሎደርም ተጠይቆ፣ በዚህ መንገድ መቀየስ እንደሚቻል፣ ቦዩን ማውጣት ግን ትንሽ ሥራ እንደሚጨምር መሰከረ።

«አልገባኝም» አለ ኳኮ። «እኔ ለፊቱ መሬት ነው ያዋጣሁት። በሰው ግድብ ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

«እንግዲያው ስማኝ» አለች አበናባ። «ከትናንት በስቲያ ማክሬዲ ደጃፋችን መጥቶ ነበር። የኋላው መሬት ከተሰጠን እንድንሸጥለት፣ ያዋጣነውን ሁለት እጥፍ እንደሚሰጠን ነግሮናል።»

 ቤቱ እንደተነካ የንብ ቀፎ ተነሣ።

«ከሃዲዎች!» አለ አንዱ። «ለአርድሞር ልትሸጡን ነው!»

«ሰውየው ግድቡን ከያዘማ አለቀልን» አለ ኩፒዶ ፊቱ ዓመድ መስሎ። «በበጋ የምንጠጣው ውሃ የሚመጣው በዚያ ነው። ሲፈልግ ይዘጋብናል፣ ሲፈልግ ይለቅብናል። በዓመቱ ሁላችንም የእሱን ሸንኮራ ስንቆርጥ እንገኛለን።»

«ገባችሁ?» ሚምባ ተነሣች። «እናንተ ሙዛችሁን ጭናችሁ ገበያ ስትወርዱ እኛ ልጆቻችንን ምን እንድናበላ ነበር ያሰባችሁት? እንቁራሪት?»

«አልሸጥንም» አለች አበናባ፣ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቃ። «አሥራ አንዳችንም እምቢ ብለነዋል። ግን እግዜር ይመስክርብኝ፣ ልጆቻችን ሁለት ዓመት ተርበው በሦስተኛው ዓመት ሲመጣም እምቢ እንደምንል አልምልላችሁም። እናንተም ብትሆኑ አትምሉም።»

በዚህ መካከል በሩ አጠገብ ያሉት ሰዎች ገለል አሉ። ፎርታይን ገባ። ያ የእሁድ ሰደርያው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ እስከ ጭኑ ድረስ ረጥቧል፤ ምርኩዙም ተሰብሮ ግማሹን ብቻ ይዟል። ሰው መንገድ ለቀቀለት። መሃል ደርሶ በከሰል የተሣለውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት» አለ። «ሁለት ቦታ ውሃ ያስገባል። አንዱ እጄን እስከ ክርኔ ይውጣል። ይህን ዝናብ አይችለውም።»

ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ባዋጣሁት ልክ ከሆነ አሥራ ሁለት ዘንግ ይደርሰኛል። አሥራ ሁለት ዘንግ ግድብ በስልሳ ዓመቴ ቆፍሬ አልጨርስም። ስለዚህ ዘጠኝ ይበቃኛል። የቀረው ጠባብ ለደረሰው ይጨመርለት፤ ከአራት ዘንግ በታች የሚወስድ ሰው አይኑር። መስመሩም ይህች ሴት እንዳሰመረችው ይሁን።»

ኳኮ አፉን ከፍቶ ቀረ። «አለቃ፣ እርስዎ ይህን…?»

«ስለምወዳችሁ እንዳይመስልህ» አለ ፎርታይን ቆጣ ብሎ። «ግድቡን ስላየሁት ነው። አንተም ሂድና እየው።» ከዚያ ቀና አለ። «አንድ ነገር ግን አለኝ። ሥራው ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ቀኑን የሚያጎድል፣ አፈር ደልድሎ የሚሸውድ ይኖራል። ሥራውን ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ እኔ እቆጣጠራለሁ።»

እንደ ጥላ የሆነ ነገር በሴቶቹ ፊት ላይ አለፈ። አበናባ ጥላውን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። ይህን ብታሳልፈው መስመሩ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ታወቃት።

«ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል፣ እውነቱን ነው» አለች። «ግን በየዓመቱ የምንመርጠው ይሁን። ዘንድሮ ደግሞ አንተ አትሆንም ፎርታይን።»

«ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

አበናባ አላሰበችበትም ነበር። ከጎኗ ያለውን ትከሻ መልሳ ያዘች።

«እማማ ሚምባ» አለች።

 ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ወንዶቹ ተዛመተ፤ ኩፒዶ ሳይቀር በመጽሐፍ ቅዱሱ አፉን ሸፈነ። ሚምባ ራሷ ግን አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ቆማ ፎርታይንን ትመለከተዋለች። ሠላሳ ዓመት ከላይ ወደ ታች ሲያያት የኖረው ሰው አሁን ምን እንደሚል የምትጠብቅ ነበረች።

ፎርታይን የተሰበረ ምርኩዙን ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠው። ደጅ ላይ ነፋሱ የዘንባባውን ቅጠል ያንኳኳል።

«ግድብ ሲሠራ ምኑ ላይ እንደሚሸወድ ታውቂያለሽ?» አላት በመጨረሻ።

«አንተን ስሸውድህ አይደል እንዴ የኖርኩት?»

አሁን ፎርታይንም ሳቀ። አጭር፣ የዛገ ሳቅ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደተከፈተ በር ያለ። እጁን አነሣ። ከዚያ ሌሎች እጆች ተነሡ። ኳኮ ግራ ቀኙን አይቶ፣ እያጉረመረመ፣ መጨረሻ ላይ የእሱንም አነሣ።

በማግስቱ ሎደር ሰንሰለቱን ዘረጋ። ዕጣ በገለባ ወጣ። የኳኮ መቀነት ከአበናባ አጠገብ ሆነ፤ እሱም «መቼም ዕድል የለኝ» አለ፣ እሷ እንድትሰማው አድርጎ። ስልሳ ሦስት ካስማ ከፊት፣ ስልሳ ሦስት ካስማ ከኋላ ተተከለ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም አካፋውን ይዞ ወደ ኋላው ግድብ ወጣ። የአርድሞሩ ማክሬዲ በፈረሱ ድንበር ላይ ቆሞ ሲያያቸው ቆየ። ይህን ያህል ሰው ያለ ጅራፍ ሲቆፍር አይቶ ስለማያውቅ ጠብ የተነሣ ሳይመስለው አልቀረም።

ሚምባ በትር ይዛ ግድቡን እየወጋች ትዞራለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ የፎርታይን ዘጠኝ ዘንግ ላይ ስትደርስ በትሯ ሰመጠ።

«ይህ ምንድን ነው? ለዶሮ ጎጆ ነው የምትሠራው?»

«ትናንት ነው የሞላሁት።»

«እንደገና ርገጠው።»

ሰው ሁሉ አካፋውን አቁሞ ያያል። ፎርታይን ላቡን ከግንባሩ ጠርጎ በባዶ እግሩ አፈሩ ላይ ወጣና ይረግጠው ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ከጎኑ ሌላ እግር መጣ። አበናባ ነበረች፤ የእሷን አራት ዘንግ ጨርሳ።

«የአንቺ አይደለም እኮ» አላት።

«አውቃለሁ። ከእኔ ጎን ያለው የኳኮ ነው፤ ከእሱ ጋር ከማወራ እዚህ ብረግጥ ይሻለኛል።»

ሌላ አላወሩም። አፈሩ እስኪጠብቅ ጎን ለጎን ረገጡት።

የግንቦቱ ዝናብ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ አርባ ቀን ያለ ፋታ ወረደ። የረግረጉ ውሃ ከግድቡ አፍ አንድ ስንዝር እስኪቀረው ድረስ ሞላ። ስልሳ ሦስት ቤት ተራ ገብቶ ጠበቀው፤ ኳኮ በሚያንጠባጥብ የዘንባባ ዳስ ሥር ተቀምጦ ሲሳደብ የሰነበተው የራሱን ስድስት ዘንግ እያየ ነው። በአርድሞር በኩል ሁለት ማሳ ተጠረገ። የላንግሁፕ ግድብ ግን ያዘ።

ዝናቡ ያበራ ቀን አበናባ ብቻዋን ወደ ባሕሩ ጫፍ ወረደች። እስከዚያ ቀን ድረስ መቀነቷን ከዳር እስከ ዳር ሄዳበት አታውቅም ነበር፤ መቆፈር፣ መትከል፣ ግድብ መጠበቅ እንጂ ለመሄድ ጊዜ አላገኘችም። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር፣ ሸርጣኖቹ ከሚርመሰመሱበት ጭቃ ጀመረች። በጥቁሩ አፈር ላይ የተከለቻቸው ሙዞች ከወገቧ በላይ ሆነዋል። ከእነሱ አልፋ ካሳቫው፣ ከካሳቫው አልፋ ገና ያልመነጠረችው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሩዝ ልሞክርበት ነው ያለችው እርጥብ ሜዳ። ድሮ በጌታው መሬት ላይ እንደለመደችው ጥግ ጥጉን፣ በቦዩ አፋፍ ነበር የምትሄደው። ከፀሐይ መውጣት ጀምራ ግድቡ ጋ ስትደርስ ጠዋቱ አልፎ ነበር።

ሚምባ ግድቡ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ ሙዝ ትበላለች።

«ምን ፈለግሽ አንቺ? የግድብ ቀንሽ አይደለም።»

«መሬቴን እያየሁ ነው።»

«እና እንዴት አገኘሽው?»

አበናባ ወደ መጣችበት ዞረች። ባሕሩ ከዚያ አይታይም። ሙዞቹም አይታዩም። አረንጓዴው ብቻ እየጠበበ፣ እየጠበበ ወደ ሰማዩ ይሄዳል።

«ረጅም ነው» አለች።

ከሚምባ ሙዝ ቆርሳ ጎረሰችና ለመመለስ ተነሣች። ስትመለስ በመሬቷ መሃል ነው የሄደችው።